የአባታችን አረንጓዴ በር

የልጄን እጆች አስሬ የከረምኩበት ጊዜ ነበር። የነጠላ ቅዳጅ እወስድና ሳላጠብቅም ሳላላላም ሁለቱን እጆቿን ከፊቷ አገናኝቼ አስራቸዋለሁ። ይህን የሚያነብ ሰው ጨካኝ ይለኝ ይሆናል። ይበለኝ። ልጁ እሳት ውስጥ እጁን ሲከት እያየ ዝም የሚል አባት ከእኔ የባሰ ጨካኝ ነው። የእኔ ልጅ እሳት ግን ግድግዳው ላይ ነበር፤ አያጨስም፣ አያቃጥልም፤ ይባስ ብሎ ይጣፍጣል።

ቤታችን ወረታ ውስጥ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ የሠራው የጭቃ ቤት ነው። ከወገብ በታች ያለው ግድግዳ፣ መስኮቶቹና የዋንዛው በር አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀቡ ነበሩ። ቀለሙን ከመንገድ ሠሪዎች ካምፕ በጀርባው ተሸክሞ ያመጣው ራሱ አባቴ ነው። በዚያን ጊዜ በሠፈሩ ቀለም የነካው ቤት ስላልነበረ ሰው ቆሞ ያየው ነበር ይባላል። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ የማውቀው ግን ቀለሙ ሲሰነጠቅና ሲላጥ ነው። ትንሿ ልጄ፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት፣ ከበሩ ጀርባ ተቀምጣ ልጣጩን በጥፍሯ እየፈለቀቀች ትበላው ጀመር። እናቷ ግድግዳውን እሬት ቀባችው። ልጅቱ ፊቷን አጨማዳ እሬቱን ላሰችና ወደ ቀለሙ አለፈች። እጇን ያሰርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የታሰረ እጅ የገባውን አያወጣም። ሆዷን እያመማት ትንከባለል ነበር። ፊቷ እንደ አመድ ነጣ። ያወቀቻቸውን ቃላት አንድ በአንድ ጣለቻቸው። ከዚያ ጥርሷን ማፋጨት ያዘች። ያንን ድምፅ ማስረዳት ያስቸግረኛል፤ እኔ ሩዝ የሚፈለፍል ወፍጮ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ እየሰማሁ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ ግን ያች ትንሽ አፍ የምታወጣው ድምፅ ጀርባዬን ያበርደው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ዓይኗ ተገለበጠና እጅና እግሯ እየተወራጨ ወለሉን መታችው። እናቷ ጮኸች። እኔ ማንኪያ በጥርሶቿ መካከል ልከት ስታገል ጣቴን ነከሰችኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።

በዚያ ሰሞን የወረዳው ጤና ሰዎች በመንገዱ ዳር ካሉት አሮጌ ቤቶች የልጆችን ደም እየወሰዱ ይመረምሩ ነበርና ልጄም ተመረመረች። ውጤቱን የነገረችኝ ወጣት ባለሙያ ናት። ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ፤ ከቀለሙ የመጣ ነው፤ ከገባ በቀላሉ አይወጣም፣ ጉበትና አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ አንጎሏን ይመታል አለችኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ወፍጮ ቤት፣ የሩዝ ጆንያ ላይ ከታተመው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሲነገረኝ ደጋግሜ እጠይቃለሁ፤ አላፍርም።

«ከእንግዲህ ብትበላስ?» አልኳት።

«ከእንግዲህ ጥቂትም ብትጨምር ላትተርፍ ትችላለች» አለችኝ። ዓይኔን እያየች ነው የነገረችኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

መንግሥት ድጎማ መድቦ ነበር። እንዲህ ያለ ቀለም ያለበት የግል ቤት፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ቀለሙ ይፋቅለታል፤ ግድግዳው እንደገና ይለሰናል፤ በርና መስኮቱ በአዲስ ይተካል። ከባለቤቱ የሚጠበቀው ሥራው እስኪያልቅ ከነቤተሰቡ ቤቱን ለቅቆ መውጣት፣ ከዚያም ቀለም የነካውን እንጨት ሁሉ ማስረከብ ነበር። እንጨቱ ከከተማው ውጭ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀበራል። አይሸጥም፣ አይማገድም፣ ለማንም አይሰጥም። ይህንን ሦስት ጊዜ አስደገምኳትና ፈቀድኩ።

ሠፈሩ ግን አልፈቀደም። ሰው ከመንግሥት ገንዘብ ተቀበለ ሲባል የሚመጣውን ወሬ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ባጃጅ የሚያቆም አንድ ጎረቤት ነበረኝ፤ አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

«ዛሬ ቀለሙን ይልጡልሃል፣ ነገ ቆርቆሮውን፣ ከነገ ወዲያ ካርታውን!» አለ፣ ሩዝ ሊያስፈለፍል የመጣው ሰው እስኪሰማ።

ጆንያ ማንሣቴን ቀጠልኩ።

«ደግሞ እርሳስ! ተማሪው ሁሉ እርሳስ ሲያኝክ አይደለም የሚውለው? የማን ልጅ ሞተ? ይልቅ ልጅህን ጠበል ውሰዳት። እጇን አስረህ እንደ ሌባ...»

አላስጨረስኩትም። ኮሌታውን ይዤ ከወፍጮው ግንብ ጋር አጋጨሁት። በግንባሩ አፍንጫዬን መታኝና ደሜ በጆንያው ላይ ፈሰሰ። ሰዎች እስኪገላግሉን ድረስ በእብቅ ውስጥ ተንከባለልን። ስንነሳ ሁለታችንም ነጭ ሆነን ነበርና ሰው ሳቀብን። ጠብ እንደማይጠቅም ለሠፈሩ ልጆች የምናገር ሰው ነኝ። የማይጠቅም መሆኑን የማውቀው ስለሞከርኩት ነው።

ቤቱን ለቅቀን የምንገባበት ቦታ ታላቅ ወንድሜ ጋ ነበር። ቁሐር ሚካኤል ይኖራል፤ ሩዝ ያርሳል፣ ከብት ያረባል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ ያሳደገኝ እሱ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ግን እንደሌላው ሰው እጽፈዋለሁ። እኔ ወፍጮውን ትቼ መሄድ ስለማልችል እዚያው ወፍጮ ቤት ላድር፣ ሚስቴና ልጄ እሱ ጋ ሊከርሙ ተስማማን። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ነበር፤ ሜዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከብቱ ከስቷል። ወንድሜ በፈረስ ጋሪ ሊወስዳቸው ሲመጣ ሠራተኞቹ በሩንና መስኮቶቹን ነቅለው ጓሮ በላስቲክ ጠቅልለው ከምረዋቸው ነበር።

ወንድሜ ክምሩን በዱላው ነካ ነካ አደረገ።

«ይህን ምን ልታደርጉት ነው?»

«ሊቀበር ነው ጋሼ» አልኩት።

«በር ይቀበራል?»

«ይህኛው ይቀበራል።»

«ታዲያ ፍትሐቱስ? ቄስ ልጥራላችሁ ወይስ መንግሥት በራሱ ይፈታዋል?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሥራውን ልታይ የመጣችው ባለሙያዋ ጠጋ ብላ፣ «አባቴ፣ እባክዎ እንዳይነኩት፤ መርዝ ነው» አለችው።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ዋንዛ ከአባቴ ጋር ከጫካ ስንጎትተው እናትሽም አልተወለደችም ነበር። ትከሻዬን እይው፤ እዚህ ጋ የላጠኝ እሱ ነው። ስንት ዘመን ቤት ጠብቆ ዛሬ መርዝ ሆነ?»

«እንጨቱ አይደለም ጋሼ፣ ቀለሙ ነው» አልኩት። «ልጅቱን የሚገድላት እሱ ነው። አይነካም፣ አይወሰድም። ሰምተዋል?»

«ሰማሁ። ይቀበር። እናንተ ያላችሁት ይሁን» አለኝ።

ለከብቶቹ የሩዝ ፉርሽካ ልሰጠው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሠራተኞቹና ባለሙያዋም ምሳ ሄዱ፤ ሚስቴ ልጅቱን አዝላ ጎረቤት ልትሰናበት ወጣች። ወንድሜ ያን ጊዜ ላስቲኩን በጩቤ ቀደደና በሩን መዝዞ ጋሪው ላይ አነጠፈው፤ በላዩ ገለባ በተነበት፤ በገለባው ላይ ፍራሻችንን ዘረጋበት። ፉርሽካውን ተሸክሜ ስመለስ ልጄን አንስቼ ፍራሹ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱም ከሥራቸው ምን እንዳለ አያውቁም። ክምሩ ትልቅ ስለነበር አንድ በር መጉደሉን ማንም ልብ አላለም። ይህንን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ አሁን የምጽፈው ግን አንባቢ ከእኔ ይልቅ ቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

ወንድሜ ሌባ አይደለም። ደህና ዋንዛ ጉድጓድ ሲገባ ማየት ለእሱ እህል ሲቃጠል እንደማየት ነው። እሱ ቤት ውስጥ የሚጣል ነገር የለም፤ የተሰበረ ማረሻ ማጭድ ይሆናል፣ የተቀደደ ጆንያ ገመድ ይሆናል። እኔንም ያሳደገኝ በዚህ ነው። ቁጠባን መልካም ነው ብዬ አስተምራለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ነገር ግን አባቱ የሠራውን ነገር ከማንም ቃል አብልጦ የሚያምን ሰው፣ ቁጠባው ራሱ ሰው ይገድላል። ወንድሜ በሩን ሰነጠቀና ገንዳ ሠራበት። አረንጓዴው ገጽ ለስላሳ ስለሆነ ወደ ውስጥ አደረገው። እዚያ ውስጥ ፉርሽካውን በአተላና በጨው ለውሶ ለሁለቱ የእርሻ በሬዎቹ ይሰጣቸው ጀመር። የበሬ ምላስ ደግሞ እንደ ሞረድ ነው።

እኔ ወረታ ሆኜ ቤቴ ሲፋቅ አያለሁ። ግድግዳውን ውኃ እየረጩ፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ በብረት ይገሸልጡት ነበር። አንዱ ቀለም ተነሥቶ ሌላ ይወጣል፤ ከሥሩ ጭቃው ይቆስላል። ከላስቲኩ ላይ የሚፈሰው ውኃ እንደ ሐሞት አረንጓዴ ነበር። ሲመቱት አባቴን የሚመቱት ይመስለኝ ነበር፤ እሰየው የምልበት ጊዜም ነበር። ሚስቴ ስልክ ስትደውል ልጅቱ ደህና ናት ትለኝ ጀመር፤ ትበላለች፣ ከጥጆች ጋር ትጫወታለች፣ አንድ ሁለት ቃል መልሳለች። ደስ አለኝ። ከዚያ ወሬው ቀጠነ። ሆዷን ይቆርጣታል ተባለ። አንድ ጠዋት ወንድሜ ራሱ ደወለ።

«በሬዎቼ አበዱ» አለኝ።

«እንዴት?»

«ዓይናቸው ጠፋ። ጥቁሩ ትናንት እረኛውን ወግቶ ጣለው። ስንመታው ይባስ ብሎ ወደ ዱላው ይመጣል። ዛሬ ወድቆ ሲንፈራገጥ ሳይሞት አረድነው፤ ሥጋው እንዳይጠፋ። ወንድምዓለም፣ አትቀየመኝ። ልጅህም እንደነሱ ጥርሷን ታፋጫለች። መንደሩ የልጅቱ በሽታ ወደ ከብቱ ተጋባ እያለ ነው። እኔ አላልኩም። ግን ናና ተነጋገር።»

ጥርሷን የሚለውን ከሰማሁ በኋላ የቀረውን አልሰማሁም። ያ አፉ ሥራ የማይፈታው ጎረቤቴ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ገብቼ «ቁሐር» አልኩት። ፊቴን አየና ምንም ሳይል ነዳ። መንገዱ እስከሚያስገባው ድረስ አስገባኝ፤ ከዚያ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ሮጥኩ።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። የጥቁሩ በሬ ሥጋ ቆዳው ላይ መደብ መደብ ተደርጎ ጎረቤት ይከፋፈላል። ሁለተኛው በሬ፣ ቡሬው፣ ግንባሩን ጎተራው ላይ ተክሎ ይገፋ ነበር። ቆዳው ተልጦ አጥንቱ ይታያል፤ ደሙ በአፍንጫው ይንጠባጠባል፤ አሁንም ይገፋል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ዝንብ ብሌኑ ላይ ሲያርፍ አይርገበገብም። ጥርሱን ያፋጫል። ድምፁን አወቅኩት።

አጠገቡ ገንዳው ነበር። በአንደኛው ጣውላ ላይ የቁልፋችን ቀዳዳ አለ። ውስጡ በምላስ ተፍቆ ተፍቆ አረንጓዴው ቀለም እንደ ደሴት እዚህም እዚያም ቀርቷል። ጨው ደርቆበታል። በጨው ላይ የትንሽ እጅ ጣቶች መንገድ አበጅተዋል።

ዞር ስል ወንድሜ መደብ ላይ ተቀምጦ ልጄን ጭኑ ላይ አድርጓታል። በእጁ የሞቀ ጥሬ ጉበት፣ ሚጥሚጣ የተነካ፣ ይዟል። የታመመን ልጅ ጉበት እንደሚያበረታ ሁሉም ያውቃል፤ ከአንድ በሬ ከሚገኘው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ወንድሜ ለራሱ ልጆች ሳይሰጥ ለእኔ ልጅ ያዘላት። «አአ በይ እስቲ፣ የኔ እመቤት፣ አአ» ይላታል። ባለሙያዋ ጉበትና አጥንት ውስጥ ይቀመጣል ያለችኝ በጆሮዬ ጮኸ።

እጁን በጥፊ መታሁት። ጉበቱ አመድ ላይ ወደቀ።

ሥጋ የሚከፋፍሉት ቢላቸውን አስቀመጡ። የታላቅን ጉርሻ፣ ያውም ያሳደገህን ሰው፣ በሰው ፊት ከእጁ መትቶ መጣል ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ለቆመ ሁሉ ግልጽ ነበር።

«የእኔን ጉርሻ?» አለ ወንድሜ። ድምፁ ቀጠነ። «የእኔን?»

«ስንት ጊዜ ጎረሰች?»

«የእኔን ጉርሻ ነው የጣልከው?»

«ስንት ጊዜ ጎረሰች! ንገረኝ!» ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ያልኩትን ሰው አንተ እንዳልኩት ያወቅኩት ሚስቴ እጇን አፏ ላይ ስትጭን ነው።

«ሁለት ጊዜ ነው» አለች ሚስቴ። «ምን ሆነህ ነው? አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

ልጄን ከጭኑ ነጠቅኋትና በሆዷ አስተኝቼ ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተትኩ። ትጮኻለች፣ ትነክሰኛለች፣ ትራገጣለች፤ እኔ ጣቴን እገፋለሁ። ትንሽ ቀይ ነገር ወጣ። አልበቃኝም፤ ደገምኩ። ወንድሜ ያየው ያበደ ሰው ልጁን ሲያንቅ ነው። «ሊገድላት ነው! ያዙት!» ብሎ ዱላውን አነሣ። ክንዴ ላይ ሲያሳርፈው እንደ ደረቅ ሸንበቆ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ልጅቷ ከእጄ ወደቀች፤ እናቷ አፈፍ አደረገቻት።

ያን ጊዜ ሕመሙ አልተሰማኝም። በሬ የታረደበት መጥረቢያ እዚያው ነበር፤ በግራ እጄ አነሣሁትና ገንዳው ላይ ወረድኩበት። ዋንዛ ጠንካራ ነው። ስንጥሩ ፊቴን ይመታኛል፤ እኔ እየጮህኩ እመታለሁ። «በሩ ነው! በሩ ነው! መርዙን አመጣህባት!» ወንድሜ ከኋላ አንገቴን አንቆ ጎተተኝ። ዞሬ በመጥረቢያው ጀርባ አፉን መታሁት። በጀርባው መሆኑን አስቤበት ነበር ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። የመጣልኝ ጎን እሱ ሆኖ ነው። ደምና ጥርስ ተፋ። እንደገና ዱላውን አነሣ፣ እኔም መጥረቢያዬን። «ገላግሉ! ኧረ በሚካኤል ገላግሉ!» ይላል ሰው፤ የሚጠጋ ግን የለም።

ያቆመን ልጅቷ ናት። በእናቷ ክንድ ላይ ሰውነቷ ደረቀ፤ ዓይኗ ተገለበጠ፤ ጥርሷ መፋጨት ጀመረ። ቡሬውም ጎተራው ሥር እያፋጨ ነበር። በዚያ ጸጥታ ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ ተሰሙ። ወንድሜ ደም በአገጩ እየወረደ ወደ ልጅቷ አየ፣ ወደ በሬው አየ፣ ከዚያ የተፈለጠውን ገንዳ አየ። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«ይህ ነው?» አለኝ።

«ይህ ነው።»

ወንድሜ ልጄን ከእናቷ ተቀብሎ ሮጠ። እኔ በአንድ እጄ ልሸከማት አልችልም ነበር። እሱ ከፊት፣ እኔና ሚስቴ ከኋላ፣ እስከ መንገዱ ድረስ ሮጥን። ባጃጁ አልሄደም፤ ያ ጎረቤቴ እየጠበቀን ነበር። ደማችንን አይቶ፣ «መቀመጫዬን አታቆሽሹት አልልም፤ ግቡ» አለ። ወረታ ስንደርስ ሌላ መኪና ይዘን ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙ ክንዴንና የወንድሜን አፍ አይቶ ማን ማንን መታ ሲል፣ «እኔ እሱን፣ እሱ እኔን፤ አንተ ልጅቱን እይ» አለው ወንድሜ።

መርዙን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት እዚያ አልነበረም፤ እስኪመጣ እንድንጠብቅ ተነገረን። ሐኪሙ ምን በላች ሲል ስለ ጨውና ስለ ጉበቱ ነገርኩት። ከታረደው በሬ ሥጋ ማንም እንዳይበላ አለ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን የነገሩኝ የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ቤት ለቤት እየገባ ያከፋፈለውን ሥጋ ሰበሰበ። የሰጡትን ሥጋ መልሱ ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ማንም በፈቃዱ አልሰጠውም። «ቅርጫ መልሱ ይባላል? ምን ያለ ዘመን መጣ!» ብለው ሰደቡት። ምክንያቱን ቢናገርም በጥርስ አልባ አፉ የሚለው አልተሰማም። እሱም ድስቱን ከምድጃው በእግሩ ደፋ፤ ከተሰቀለው ቋንጣ ጋር ገመዱን በጠሰ። አንዲት ሴት በሙቀጫ ዘነዘና ጭንቅላቱን ፈነከተችው። ወጣቶች በድንጋይ አባረሩት። የሰበሰበውን ሥጋ ሁሉ፣ የገንዳውን ስንጥር ጭምር፣ ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ቀበረ። ሌሊቱን ቡሬውም ስለሞተ በላዩ ጨመረው። ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ከመረበት። እንግዲህ ሊያርስበት የሚችል በሬ አልነበረውም፤ የዝናቡ ደመና ደግሞ ከጣና በኩል መምጣት ጀምሯል።

በማግስቱ ራሱን በጋቢ ጠምጥሞ ሆስፒታል ተመልሶ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም።

«አለች?» አለኝ።

«አለች።»

«አንተ አትበለኝ ከእንግዲህ» አለኝ፣ «በሰው ፊት።» እዚህ ላይ ልሳቅ አልሳቅ አላወቅኩም። «አልልዎትም ጋሼ» አልኩት። ከዚያ ገባና አልጋዋ ሥር ተቀመጠ። መድኃኒቱ የመጣው እሱ እዚያው እንደተቀመጠ ነው።

ቤቱ ተጠናቀቀ። ግድግዳው አዲስ ተለስኗል፤ በሩ ብረት ነው። ባለሙያዋ ስለ ጎደለው በር ጠየቀችኝና ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁሐር ድረስ ሄዳ ጉድጓዱን አየች፤ የዚያን መንደር ልጆች ደም ወሰደች። ድጎማው እንዳይቆም ብዬ መዋሸት እችል ነበር። አልዋሸሁም። እሷም አላቆመችውም። ጎረቤቶቼ ዛሬ ተራቸው መቼ እንደሚደርስ እኔን ይጠይቁኛል፤ የባጃጁ ባለቤት ከሁሉም በፊት ቤቱን አስፍቋል።

ልጄ ኖረች። ከዚህ በላይ ብጽፍ ራሴን አታልላለሁ። ዕድሜዋ ለትምህርት ደርሷል፤ ማታ ማታ ፊደል አስቆጥራታለሁ። ዛሬ የያዘችውን ነገ አታገኘውም። ሰነፍ ብትሆን ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር፤ ስንፍናን አልፌ አላውቅም። እሷ ግን አትሰንፍም። ግንባሯን አኮማትራ፣ ላቧ እስኪወጣ ትፈልጋለች፤ የለም። ወንድሜ ለገበያ ወረታ በመጣ ቁጥር ገብቶ አጠገቧ ይቀመጣል።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ፊደል ደጋግማ ስትስተው ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ወንድሜ ቀና አለ።

«ተዋት።»

«ካልተማረች ምን ትሆናለች ጋሼ?»

«ተዋት አልኩህ።» ፊቱ ቀልቷል፤ እጁ ጉልበቱን ጨብጧል። «እኔ ፊደል አላውቅም። ምን ሆንኩ?»

ይህን ያለኝ በሩን ጋሪው ላይ የጫነው እሱ መሆኑን አሰብኩ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ልጄ እሱንና እኔን እያፈራረቀች ታየናለች፤ ጠብ ሲመጣ ቀድማ ታውቃለች። መልሱን ዋጥኩት። ዝም ያልኩት ታግሼ አይደለም፤ ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ እስኪወርድ ጠበቅኩና ጣቷን ይዤ ያንኑ ፊደል እንደገና አሳየኋት።